የእናቴ ቤት መብራት ተኛ፤ ለኤሌክትሪሺያኗ ምስጋና

ባሕር ዳር ያላችሁ፣ በተለይ የወላጆቻችሁ ቤት የቆየ የመብራት መስመር ያለው፣ ይቺን አንብቡልኝ። አንዲት ኤሌክትሪሺያን ላመሰግን ነው። ለእናንተም ልጠቁማችሁ። ስሟንና ስልኳን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለጠየቀችኝ እዚህ አልጽፈውም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ።

እናቴ የምትኖረው ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ ነው። ከጣና ዳር በእግር ትንሽ ደቂቃ ነው። ቤቱን አባቴ በ1970ዎቹ ነው የሠራው። እንጨትና ጭቃ ነው፤ በኋላ በሲሚንቶ ተለሰነ። መብራቱ ግን አንድ ጊዜ በወጉ የተዘረጋ አይደለም። ክፍል ሲጨመር መስመር ይቀጠላል። ሶኬት ሲያስፈልግ ካለው ላይ ይጠለፋል። እንዲህ እንዲህ እያለ እዚህ ደረሰ።

የሳሎኑ ማብሪያ ማጥፊያ ሲነኩት ይሞቃል። አንዳንዴም ዘይት ላይ እንደወደቀ ሽንኩርት ይንጫጫል። የኮሪደሩ ከሁለት ቦታ እንዲበራ ተብሎ የተገጠመ ነው፤ ግን አንደኛው ካልበራ ሌላኛው አይሠራም። የመኝታ ቤቷ አምፖል ደግሞ ካጠፋችውም በኋላ ደብዘዝ ብሎ ይታያል። ሊያልቅ የደረሰ ሻማ ይመስላል። እናቴ «ይሄ መብራት አይተኛም» ትላለች። ማታ ማታ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ነበር የምትተኛው።

መጀመሪያ በራሳችን ሞከርን። ታናሽ ወንድሜ አዲስ ማብሪያ ገዝቶ የሳሎኑን ቀየረው። ደስ አለን። ሁለት ወር ሳይሞላው ያው ሙቀት፣ ያው ድምፅ ተመለሰ። ከዚያ አንድ ሠራተኛ ጠራን። አንድም ማብሪያ ሳይፈታ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየና «ሙሉ መስመሩ መቀየር አለበት» ብሎ ልብ የሚያስደነግጥ ዋጋ ነገረን። ምን እንደተበላሸ ስንጠይቀው «አርጅቷል» ብቻ ነው ያለው። ሸኘነው።

ያስደነገጠን ግን ሌላ ነው። ወንድሜ የመኝታ ቤቱን አምፖል ሊቀይር ማብሪያውን አጥፍቶ ወንበር ላይ ወጣ። አምፖሉን ሲፈታ ጣቱ ፖርታላምፓዳው ውስጥ ያለውን ብረት ነካ። ኮረንቲ ያዘውና ወረወረው። አልጋው ላይ ባይወድቅ ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልኩ እስካሁን አስባለሁ። አጥፍቶት ነበር እኮ!

ኤሌክትሪሺያኗን የጠቆመችን ጎረቤታችን ናት። ቅዳሜ ጠዋት መጣች። ወጣት ልጅ ናት፤ ቴክኒክና ሙያ ነው የተማረችው። እናቴ ስታያት ትንሽ ግር አላት። «አንቺ ነሽ ልጄ የምትሠሪው?» አለቻት። «አዎ እማማ፣ እኔ ነኝ። ብሬከሩ የት ነው ያለው?» አለችና ገባች።

ከዚህ በኋላ ያየሁትን ልንገራችሁ። ብሬከሩን ከማውረዷ በፊት ቴስተሯን፣ ኮረንቲ ሲነካው የሚበራውን መሞከሪያ፣ የሚሠራ ሶኬት ውስጥ ከተተች፤ በራ። ከዚያ ብሬከሩን አወረደች። ከዚያ ማብሪያውን ፈትታ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ነካች፤ አልበራም። እንደገና ሄዳ ቴስተሩን ሌላ መስመር ላይ ሞከረችው፤ በራ። ለምን ሁለቴ እንደምትሞክር ጠየቅኳት። «ቴስተሩ ራሱ መሃል ላይ ሞቶ ቢሆንስ? እሱ ዝም ሲል ኮረንቲ የለም ብዬ እጄን ልስደድ?» አለችኝ። እኔ እስከዛሬ ማብሪያውን ማጥፋት በቂ ይመስለኝ ነበር።

የሳሎኑ ሲከፈት የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተን። ነጩ ፕላስቲክ ከጀርባው ቡና መስሏል። አንድ ጉድጓድ ውስጥ ሁለት ሽቦ ገብቷል፤ ብሎኑ የያዘው ግን አንዱን ብቻ ነው። ሁለተኛውን በጣቷ ሳብ ስታደርገው ወጣ። «ይሄ ነው የሚንጫጫው» አለች። ሽቦው ጠበቅ ብሎ ካልተያዘ በትንሽ ነጥብ ብቻ ይነካካል። ኮረንቲው በዚያች ነጥብ ሲያልፍ ቦታው ይግላል። ሲግል ሽቦው ይጠቁራል፣ ብሎኑም ይብስ ይላላል።

እኔ ግን አልገባኝም። አንዲት አምፖል ይህን ያህል ታግላለች? ልክ ነሽ አለችኝ። የእኛ አምፖል 9 ዋት ናት። በ220 ቮልት የምትስበው 0.04 አምፒር ገደማ ነው። ሁለተኛው ሽቦ ግን ወደ አምፖሉ አይሄድም። ግድግዳውን ይዞ ወርዶ ከታች ያለው ሶኬት ውስጥ ይገባል። እናቴ ደግሞ እዚያ ሶኬት ላይ ነው የቡና ስቶቧን የምትሰካው። ስቶቡ 2,000 ዋት ነው። ይሄ 9 አምፒር ነው። ያ ሁሉ በማብሪያው የላላ ብሎን በኩል ነበር የሚያልፈው። ለካ ማብሪያውን መቶ ጊዜ ብንቀይረው ያው ነው! ወንድሜ ይህን ሲሰማ ዝም ብሎ ሶኬቱን ሲያየው ቆየ።

ብሬከሩ ላይ ደግሞ የባሰ ተገኘ። ለመብራት በተዘረጋው ቀጭን ሽቦ ላይ፣ ማለትም ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትሩ ላይ፣ የ32 አምፒር ብሬከር ተገጥሞበታል። እናቴ አስታወሰች። ድሮ ቶሎ ቶሎ እየወረደ ሲያስቸግራት አንድ ሰው ትልቅ አስገባላት። «እማማ፣ ብሬከሩ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ሲወርድብዎት መስመሩ በዛብኝ ማለቱ ነው። በትልቅ ሲቀየር ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ቢቃጠል እንኳ ዝም ይላል» አለቻት። እናቴ በእጇ አፏን ያዘች። ጣሪያችን ውስጥ ያለው እንጨት እኮ ደረቅ ነው።

እንግዲህ የሠራችው ይሄን ነው። ለሶኬቱ ከብሬከር ሳጥኑ ጀምራ ለብቻው ወፈር ያለ፣ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ዘረጋች፤ 16 አምፒር ብሬከርም ሰጠችው። መብራቱን በ10 አምፒር ለየችው። ማብሪያው አሁን የሚያዘው አምፖል ብቻ ነው። የኮሪደሩ ችግር አንዷ ሽቦ ያለቦታዋ መግባቷ ብቻ ነበር፤ አምስት ደቂቃም አልፈጀባትም። የመታጠቢያ ቤቱን ማብሪያ ከእንፋሎቱና ከእርጥብ እጅ አርቃ ከበሩ ውጭ አደረገችው። የበረንዳውን ግሎብ ሳትጠየቅ አውርዳ የጣናን ትንኝ በእፍኝ ደፋችልን፤ ሐይቅ ዳር የምትኖሩ ታውቁታላችሁ።

የማይተኛው መብራት ግን የኔን ልብ የነካው ነው። ማብሪያው መቁረጥ ያለበት ፌዙን፣ ኮረንቲ ይዞ የሚመጣውን ሽቦ ነበር። እሱ ግን የሚቆርጠው ኒውትራሉን፣ የመመለሻውን ሽቦ ነው። ስለዚህ ማብሪያው ቢጠፋም ፌዙ አምፖሉ ድረስ ሄዶ ቁጭ ብሏል። አዲሶቹ ኤልኢዲ አምፖሎች ደግሞ በትንሽ ሾልኮ በሚመጣ ኮረንቲም ብልጭ ደብዘዝ ይላሉ። ወንድሜን የወረወረውም ይኸው ነው። አምፖሉ በየሌሊቱ ሲነግረን የነበረውን አልሰማነውም። እሷ ሁለቱን መስመር አዙራ በቦታቸው አስገባችና «በሉ አጥፉት» አለች። ጠፋ። ጭልም አለ። እናቴ «እሰይ! ተኛልኝ» ብላ እልል አለች።

የመጨረሻውን ማብሪያ፣ የጓዳውን፣ እኔ እንድቀይረው አደረገች። ከኋላዬ ቆማ። ብሬከሩን አወረድኩ፣ እንደሷ ቴስተሩን ሞከርኩ። ከመፍታቴ በፊት በስልኬ ፎቶ አንሺው አለችኝ፤ የትኛው ሽቦ ከየት እንደወጣ እንዳይጠፋኝ ነው። ለምልክት ናስትሮ ጠመጠምኩ። በካቻቢቴ ጠበቅ አደረግኩና እያንዳንዱን ሽቦ ሳብ ሳብ አድርጌ አረጋገጥኩ። «እንዲህ ከሆነ ራስሽ ትችያለሽ። የተሰበረ ማብሪያ፣ ያረጀ ማብሪያ ለመቀየር እኔን አትጥሪ» አለችኝ። ገንዘብ ልታገኝበት የምትችለውን ሥራ አስተማረችኝ ማለት ነው።

ከዚያ ደግሞ አስጠነቀቀችኝ። ከሞቀ፣ ከሸተተ፣ ከነዘረ፣ ብሬከር ከወረደ፣ ወይም ውኃ ከነካው አልንካ። ያኔ ችግሩ ማብሪያው ላይ ላይሆን ይችላል። ምጣድና የውኃ ማሞቂያም ለብቻቸው ወፍራም መስመር ስለሚፈልጉ ካለው ላይ አይጠለፍላቸውም። ቆጣሪውን እሷም አትነካም። ማኅተሙ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው፤ ከቆጣሪው በላይ ላለ ችግር 905 ደውሉ ትላለች።

ሒሳቡስ? እንጀምር ሳትል በፊት ወረቀት ላይ ጽፋ ነው ያሳየችን። ሽቦና ብሬከር አብረን ሄደን ገዛን፣ ደረሰኙን ለኔ ሰጠችኝ። ለእጇ 2,500 ብር ወሰደች፤ ቀኑን ሙሉ ነው የሠራችው። እናቴ ቡና አፍልታ «ሦስተኛውን ሳትጠጪ አትሄጂም» ብላ ያዘቻት። አዲሱ ሶኬት ላይ ነበር የተፈላው። እሷም እየጠጣች ሶኬቱን በእጇ ዳሰስ እያደረገች ታየው ነበር። ሳምንት ቆይታ ደውላ «ማብሪያው ሞቀ ወይ?» ብላ ጠየቀች። ቀዝቃዛ ነው።

እህቴ፣ ይህን ካነበብሽ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እናቴም በየጸሎቷ ታነሳሻለች።

የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ስትጽፉልኝ ሰፈራችሁን ንገሩኝ፤ ዓባይ ማዶም ቢሆን ትመጣለች። ምን እንደሚያሳይ በዝርዝር ጻፉ፤ ይሞቃል፣ ይንጫጫል፣ ይነዝራል። ከተቻለ የብሬከሩን ሳጥን ፎቶ አንስታችሁ ላኩ፤ ቁጥሩን አይታ ምን ዓይነት ሽቦ ይዛ መምጣት እንዳለባት ትገምታለች። እሁድ አትሠራም።