የመኪና ኮርኒስ ሲረግፍ፦ የትኛው ጨርቅ፣ የትኛው ማስቲሽ?

እናቴን ከቤተ ክርስቲያን መልሼ ከመኪና ስትወርድ ነጠላዋ ትከሻ ላይ ቢጫ ዱቄት አየሁ። በሶ ነበር የሚመስለው። ቀና ብዬ ሳይ የኮሮላዬ ኮርኒስ ከኋላ መስታወቱ በኩል ሆዱን ነፍቶ ተንጠልጥሏል፤ በጣቴ ስነካው ዱቄቱ ዝርግፍ አለ። ከዚያ ወዲህ የራሴን መኪናና የሁለት ዘመዶቼን ኮርኒስ ግቢ ውስጥ አውርጄ አልብሻለሁ። የራሴን ሁለት ጊዜ ነው የሠራሁት፤ የመጀመሪያው አልያዘልኝም። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ምርጫዎቹን ጎን ለጎን ላሳያችሁ የፈለግሁት ያንን ድካም ስለማውቀው ነው።

መጀመሪያ ምን እንደተበላሸ እንወቅ። ብዙ ጊዜ ጨርቁ ራሱ ደህና ነው። ያለቀለት ከጀርባው ያለው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሚወፍር ስፖንጅ ነው። ጨርቁን ከጣሪያው ብረት ሥር ካለው ጠንካራ ቦርድ ጋር የሚያገናኘው እሱ ነው፤ የዓመታት ሙቀትና እርጥበት ሲበላው ዱቄት ይሆናል። ስለዚህ ማስቲሽ በመርፌ እየወጉ ጨርቁን ወደ ላይ መጫን ዱቄት ላይ መለጠፍ ነው፤ ሳምንት ሳይሞላ ይወርዳል። በስፒል መወጠርም ለጊዜው አይን እንዳይጋርድ ያደርጋል እንጂ መፍትሔ አይደለም። ቦርዱ መውረድ፣ አሮጌው ስፖንጅ እስከ መጨረሻው መፋቅ፣ አዲስ ጨርቅ መልበስ አለበት።

ጨርቁ

ቦርድ ላላቸው መኪናዎች፣ ማለትም ለቪትዝ፣ ለያሪስ፣ ለኮሮላና ለመሰሎቻቸው፣ የእኔ ምርጫ ስፖንጅ አብሮት የተጣበቀው የኮርኒስ ጨርቅ ነው። ከፋብሪካ የወጣው ይህ ነው። ዋናው ጥቅሙ መለጠጡ ነው። ቦርዱ ጠፍጣፋ አይደለም፤ የጣሪያ መብራቱ፣ የፀሐይ መከላከያውና የእጅ መያዣው ቦታ ላይ ጎድጎድ ይላል፤ የሚለጠጥ ጨርቅ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ሳይጨማደድ ይገባል። ስፖንጁ ደግሞ የቦርዱን ጭረትና ስንጥቅ ይሸፍናል። ሱቅ ውስጥ ሁለት ነገር ሞክሩ፦ ጨርቁን በሁለት እጅ ወደ ጎን ጎትታችሁ ልቀቁት፣ ወደ ቦታው መመለስ አለበት። ከዚያ ገልብጡትና ስፖንጁን በጥፍራችሁ ፋቅ አድርጉት። ዱቄት ከወጣው መጋዘን ውስጥ ያረጀ ነው፤ ስንት ቢቀንሱላችሁ አትውሰዱት።

ስፖንጅ ያለው ስዊድ፣ ማለትም ፊቱ አጭር ጠጉር ያለው ጨርቅ፣ ያምራል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ጠጉሩ አቅጣጫ አለው። ከኮርኒሱ ጋር የፀሐይ መከላከያውንም የምታለብሱ ከሆነ ሁሉም ወደ አንድ ወገን መተኛት አለበት፤ አለዚያ የአንዱ ቀለም የተለየ ይመስላል። አቧራም ይይዛል። ለጀማሪ አልመክረውም።

የሶፋ ወይም የመጋረጃ ጨርቅ ርካሽ ስለሆነ ብዙ ሰው ይሞክረዋል። አይለጠጥም፣ ስለዚህ ጎድጓዳው ቦታ ላይ ይጨማደዳል ወይም ከጊዜ በኋላ ተወጥሮ ይነሣል። ስስ ከሆነ ማስቲሹ ዘልቆ ፊት ለፊት እንደ ዘይት ጠብታ ይታያል። ስፖንጁን ለብቻ ገዝቶ ሁለቱን ማጣበቅም አለ፤ ያኔ ግን ሊለቅ የሚችል ቦታ ሁለት ሆነ ማለት ነው። ሌላም ነገር አለ፦ አሜሪካ ውስጥ መኪና ውስጡን የሚለብሰው ጨርቅ ቁጥር 302 የሚባለውን የደኅንነት ደረጃ ማሟላት አለበት፤ እሳት ቢይዘው በደቂቃ ከ102 ሚሊ ሜትር በላይ እንዳይዛመት። መጋረጃ ሲሠራ ይህ ታስቦ አይደለም። ከልጆቻችሁ ራስ በላይ የሚሰቀል ነገር መሆኑን አትርሱ።

ሌዘር የአሮጌዎቹ መኪናዎች ነው። የድሮ ላዳና ቮልስ ቦርድ የላቸውም፤ ኮርኒሳቸው በሽቦ ቅስቶች ላይ ተሰፍቶ የተወጠረ ነው። እሱ የልብስ ስፌት ሥራ ስለሆነ ለሰፊ ስጡት። ሌዘር ቦርድ ላይ ሲለጠፍ ግን ይከብዳል፣ ክብደቱም ማስቲሹን ቀን ከሌት ወደ ታች ይጎትተዋል።

ማስቲሹ

ሰው ጨርቅ ሲመርጥ ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ማስቲሹን ግን መንገድ ላይ ካገኘው ሱቅ ይገዛል። ሥራውን የሚያድነው ወይም የሚያበላሸው ማስቲሹ ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሊያልፍ ይችላል፤ ከብረቱ ሥር ያለው ኮርኒስ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚግለው ነው። የእኔ የመጀመሪያ ሥራ የወደቀው እዚህ ላይ ነበር። ለሁሉ ይሆናል ተብሎ የተሸጠልኝን ስፕሬይ ነፋሁበት፤ ክረምቱን ሙሉ እንደተወለወለ ቆየ። ጥቅምት ላይ ፀሐዩ ሲበረታ መሐሉ ለቀቀ፣ በኅዳር ራሴን ይነካኝ ጀመር።

በስፕሬይ የሚመጡትን ስትገዙ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ስሪ ኤም (3M) የሚባለው ኩባንያ ለምሳሌ ለወረቀት፣ ለካርቶንና ለቀላል ነገር የሚሆን ሱፐር 77 የሚባል ስፕሬይ አለው፤ ለመኪና ኮርኒስ ደግሞ ለብቻው የተሠራ ሌላ አለው። መልካቸው ቢቀራረብም ሥራቸው ይለያያል። ለኮርኒስ የተሠራውን ካገኛችሁ ለጀማሪ ከሁሉ የተሻለው እሱ ነው፤ እኩል ስለሚረጭ አይጋገርም፣ ስፖንጁንም አያረጥበውም።

ጫማ ሰሪዎችና አናጢዎች የሚጠቀሙበት በቆርቆሮ የሚሸጠው ማስቲሽ በቀላሉ ይገኛል፣ አያያዙም ጠንካራ ነው። ሙቀት የሚችለውን ለይታችሁ ጠይቁ፤ ተራው ሲግል ይለሰልሳል። ጣጣው አቀባቡ ነው፦ በብሩሽ ሲወፍር ስፖንጁ ይጠጣውና ደረቅ እብጠት ይሆናል፣ ከታችም በጣት ሲነካ ይታወቃል። በስሱ፣ በሁለቱም ፊት ላይ ቀቡ። ጣት ሲነካው ሳይከተል ሲቀር ብቻ ግጠሙት፤ እርጥብ ሳለ ከገጠማችሁት አየር ይታፈንበታል። አንዴ ከተነካካ ደግሞ ማንሣት የለም። ለዚህ ነው ጨርቁን ዘርግቶ ግማሹን ወደ ኋላ አጥፎ፣ ግማሽ በግማሽ መሥራት የሚያስፈልገው። ከመሐል ወደ ዳር በመዳፍ እያሹ፣ ጎድጓዳው ጋ ሲደርሱ በጣት እየገፉ።

ሽታው ራስ ያዞራል፣ እሳትም ይስባል። ቡና የሚፈላበት ግቢ ውስጥ ከሆናችሁ ከሰሉ ከአካባቢው ይራቅ።

ብዙዎች አሜሪካ ላለ ወንድም ወይም እህት ደውለው «ስፕሬዩን በሻንጣ አምጡልኝ» ይላሉ። አይሆንም፤ ተቀጣጣይ ማስቲሽና ስፕሬይ በመንገደኛ ሻንጣ መጫን የተከለከለ ነው። ጨርቁን ግን ማምጣት ይቻላል። ንገሯቸው፦ ተጠቅልሎ ይምጣ እንጂ አይታጠፍ፤ የታጠፈ ስፖንጅ መስመሩ ከተለጠፈ በኋላም ይታያል።

ቤት ወይስ ባለሙያ ዘንድ?

ጣሪያው የሚከፈት መስታወት ካለው ለባለሙያ ስጡ፤ በመክፈቻው ዙሪያ ያለው አጠፋፍ ስህተት አይችልም። በጎን ምሰሶዎቹ ላይ «ኤርባግ» የሚል ጽሑፍ ያለበት መኪናም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በግጭት ጊዜ እንደ መጋረጃ የሚወርደው የአየር ከረጢት ከኮርኒሱ ጠርዝ ሥር ተጣጥፎ ነው ያለው። ባትሪው ሳይነቀል እዚያ አትድረሱ። ባለሙያ ዘንድ ስትሄዱ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ቦርዱን አውጥታችሁ ነው የምትሠሩት ወይስ መኪናው ውስጥ እንዳለ? እንዳለ ካሉ አመስግናችሁ ውጡ።

የቀሩት ቤት ይሠራሉ። ካቻቢቴ፣ የፕላስቲክ መፈልቀቂያ፣ አጋዥ አንድ ሰው በቂ ነው። መብራቱ፣ መከላከያዎቹ፣ መያዣዎቹና የምሰሶ ልብሶቹ ከወለቁ፣ የበሩ ዙሪያ ጎማም ከተላቀቀ ቦርዱ ይወርዳል። የፊት ወንበሮችን ወደ ኋላ አስተኝታችሁ ሁለት ሰው ሆናችሁ አውጡት፤ ቪትዝ ላይ በኋላ በር፣ ኮሮላ ላይ ደግሞ በፊት በር በኩል። ቦርዱ እንዳይታጠፍ ተጠንቀቁ፤ ከተሰበረ መስመሩ በአዲሱ ጨርቅ ሥር ይታያል። ስፖንጁን ስትፍቁ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ጓንትም አድርጉ፤ አንዳንዱ ቦርድ የመስታወት ክር ስላለው ቆዳ ያሳክካል። መፋቁ ከሥራው ሁሉ አሰልቺው ነው፣ ግን የቀረች አንዲት የዱቄት ንጣፍ አዲሱን ጨርቅ ይዛው ትወርዳለች።

ጨርቁን ከመግዛታችሁ በፊት ቦርዱን አውርዳችሁ ለኩ፤ በየጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር ጨምሩ። የኮርኒስ ጨርቅ አብዛኛውን ጊዜ 150 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወርድ ስላለው ለቪትዝና ለኮሮላ 2 ሜትር ይበቃል። ቀለሙን ሱቅ መብራት ሥር አትምረጡ፤ አንዱን የፀሐይ መከላከያ ይዛችሁ ሂዱና ደጅ አውጥታችሁ አስተያዩት። ከለጠፋችሁ በኋላ ቦርዱን አንድ ሙሉ ቀን ጥላ ውስጥ አሳድሩት፣ ከዚያ መልሱት።