ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ የጌም ወዳጆች፦ ላልወጣ ጌም ቀብድ አትስጡ

ጂቲኤ 6 የተባለው የቪዲዮ ጌም መውጫው እንደገና መራዘሙን ሁላችሁም ሰምታችኋል። መራዘሙ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። የምጽፈው በደሴም በኮምቦልቻም ለዚህ ጌም ቀብድ ያስያዙ ልጆች ብዙ ስለሆኑና አሁንም አዲስ ቀብድ የሚቀበሉ ሱቆች ስላሉ ነው። ታናሽ ወንድሜ ካስያዙት አንዱ ነው። ያልሰጣችሁ አትስጡ። የሰጣችሁ ደግሞ ሱቁ ሄዳችሁ ከመጨቃጨቃችሁ በፊት ይህን አንብቡ፤ ብራችሁን የምትጠይቁበት ቃል ራሱ ሊጎዳችሁ ይችላል።

ነገሩ እዚህ እንዴት እንደደረሰ ላስታውሳችሁ፤ ቀኖቹን በእኛ አቆጣጠር አስቀምጣለሁ። ጂቲኤ 5 የወጣው መስከረም 7 ቀን 2006 ነው። ያኔ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ በ2017 12ኛን ጨርሷል። የጌሙ ሠሪ ሮክስታር የስድስተኛውን የመጀመሪያ ማስተዋወቂያ ቪዲዮ የለቀቀው ኅዳር 24 ቀን 2016 ሲሆን መጨረሻው ላይ በ2025 ይወጣል ይላል፤ በፈረንጆቹ ማለት ነው። ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ወደ ግንቦት 18 ቀን 2018 አራዘሙት። ጥቅምት 27 ቀን 2018 ደግሞ ወደ ኅዳር 10 ቀን 2019 ገፉት። ሁለቱንም ጊዜ የሰጡት ምክንያት ያው ነው፦ ጥራቱን ጠብቀን እንድንጨርስ ጊዜ ያስፈልገናል። ቅር ቢለኝም በዚህ አልፈርድባቸውም፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ቀብድ የማስያዝ ልማዱ እኛ ዘንድ የመጣው ከፊፋ ነው። የኳሱ ጌም በየዓመቱ መስከረም ግድም ሳያዛንፍ ይወጣል፤ ስሙ ኤፍሲ ከተባለ ወዲህም እንዲሁ ነው። ፕሌይስቴሽን ቤት ያላቸው ልጆች ለሱቁ ቀብድ ይሰጣሉ፣ ዲስኩ ከዱባይ በሰው እጅ ወይም ከአዲስ አበባ በመኪና ይመጣል፣ ቀሪው ተከፍሎ ይወሰዳል። በሳምንታት ውስጥ የሚያልቅ ጉዳይ ስለነበር ማንም ወረቀት አይጠይቅም። ያ መተማመን ነው እንዳለ ወደ ጂቲኤ የተዛወረው። በተለይ ሁለተኛው ቪዲዮ ሚያዝያ 28 ቀን 2017 የተለቀቀ ጊዜ፣ ሆጤ አካባቢ ያለ ጌም ቤት ውስጥ ልጆቹ ጨዋታቸውን አቁመው በአንድ ስልክ ላይ ተደራርበው ሲያዩት ነበርኩ። ጉጉታቸው ያሳሳል። ከዚያ በኋላ ነው ቀብድ የሚቀበለው ሱቅ የበዛው።

የወንድሜን ወረቀት እጄ ላይ ይዤ አይቼዋለሁ። ከደብተር የተቀደደ ግማሽ ገጽ ነው። በሰማያዊ እስክሪብቶ «ጂቲኤ 6፣ ቀብድ 3,000 ተቀብያለሁ» ይላል። ከሥሩ ፊርማ አለ፤ የማኅተሙ ቀለም ስለሳሳ የሱቁ ስም ከግማሹ በኋላ አይነበብም። ዲስክ ይሁን በአካውንት የሚጫን አይልም። ለየትኛው ፕሌይስቴሽን እንደሆነ አይልም። ጠቅላላ ዋጋ የለውም፣ ርክክቡ መቼ እንደሆነ የለውም፣ ብሩ የተከፈለበት ቀን እንኳን የለውም። ጥጉ ላይ ግን አንድ መስመር በደንብ ይነበባል፦ «ቀብድ አይመለስም»። ብሩ ልጁ ክረምቱን ኮምቦልቻ ዕቃ በማውረድ ሠርቶ ያጠራቀመው ነው።

አሁን ስሌቱን ተከተሉኝ። ብሩ የተሰጠው ጥር 2016 ነው። ያኔ በባንክ አንድ ዶላር ከ57 ብር በታች ነበር። አዲስ የፕሌይስቴሽን 5 ጌም ብዙውን ጊዜ 70 ዶላር ነው፤ ስለዚህ 3,000 ብር በባንክ ስሌት ከ50 ዶላር በላይ፣ የጌሙን ሦስት አራተኛ ገደማ ይሸፍን ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ፤ በወራት ውስጥ ዶላር ከ120 ብር አለፈ። በዚያ ስሌት ያው 3,000 ብር 25 ዶላር ነው፤ ከጌሙ ሲሶ ትንሽ ከፍ ይላል። ሱቆቹ ዕቃ የሚያመጡት በባንክ ዶላር እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ቢሆንም በየትኛውም ስሌት ብታዩት ገንዘቡ በልጁ እጅ ቢሆን ያኔ አንድ ነገር ይገዛበት ነበር። ነጋዴው ግን በዚያው ሰሞን ስልክ ወይም ጆይስቲክ አምጥቶበት፣ ሸጦ፣ መልሶ አምጥቷል። ጌሙ በተራዘመ ቁጥር የሚጎዳው ቀብድ የሰጠው ልጅ ብቻ ነው። ለነጋዴው መራዘሙ ያለ ወለድ ብድር ነው። ክፉ ስምምነት የምለው ይህንን ነው።

ወንድሜን ይዤ ስሄድ ባለሱቁ አልተቆጣም፤ በትሕትና ነው ያናገረን። «አብሽሩ፣ ይመጣል። ኩባንያው ነው ያራዘመው፣ እኔ ምን ላድርግ?» አለ።

«ጋሼ፣ እንግዲያው ብሩን ይመልሱለትና ሲወጣ እንገዛለን» አልኩት።

«ብሩማ ለዕቃው ተልኳል። ታዟል።»

«ዋጋውስ ያኔ በተነጋገራችሁት ነው?»

«ዋጋው እንግዲህ በዕለቱ ዶላር ነው።»

እነዚህን መልሶች አንድ ላይ አድርጋችሁ እዩአቸው። ዋጋው በዕለቱ ዶላር ከሆነ ቀብዱ ምን ያዘልን? ዋጋም አልያዘም፣ ቀንም አልያዘም። ታዟል ለተባለውም፣ ይህን ስጽፍ ኩባንያው የጌሙን ዋጋ ገና አልተናገረም፤ ቅድመ ትዕዛዝም አልከፈተም። አሜሪካ ያለ ሱቅ ያላዘዘውን ዲስክ ደሴ ያለ ሱቅ ሊያዝ አይችልም። በአካውንት ነው የምንጭንላችሁ የሚሏችሁም አሉ። ኢትዮጵያ ጌም በኢንተርኔት በሚሸጥበት በፕሌይስቴሽን ስቶር የአገሮች ዝርዝር ውስጥ ስለሌለች እዚህ የሚሠራው በሌላ አገር አካውንትና በስጦታ ካርድ ነው። ብራችሁ በእርግጥ ወደ ካርድ ከተቀየረ ሒሳቡ አካውንቱ ውስጥ ይታያል፤ አሳዩን በሏቸው።

የሱቁን ስም አልጽፍም። አንደኛ፣ ጉዳዩን በሽማግሌ ይዘነዋል። ሁለተኛ፣ አንዱን ስም ብጠራ ሌሎቹ ንጹሕ መስለው ይቀጥላሉ፤ ያው ወረቀት፣ ያው «አይመለስም» የሚል መስመር ከኮምቦልቻ ልጆችም እጅ አይቻለሁ። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት እየወጡ፣ የትራንስፖርት እየከፈሉ «መጣ ወይ?» ለማለት ብቻ ደሴ የሚመላለሱ አሉ።

ብራችሁን ስለምትጠይቁበት ቃል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ስለ ቀብድ ይናገራል። ቀብድ መሰጠቱ ውል መኖሩን ያስረዳል። ውሉ ሲፈጸም ቀብዱ ይመለሳል ወይም ከዋጋው ይታሰባል። ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ ሰጪው ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ቀብድ ተቀባዩ ከተወ ግን የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። እንግዲህ ተናድዳችሁ ገብታችሁ «በቃ ትቼዋለሁ፣ ብሬን አምጣ» ካላችሁ ውሉን የተዋችሁት እናንተ ሆናችሁ ማለት ነው። እንዲህ አትበሉ። «በተስማማነው ዋጋና ጊዜ አቅርብልኝ» በሉ፤ ሰው ባለበት በሉ፣ ወይም በመልእክት ጻፉለት። «በድሮው ዋጋ አልሰጥም» ካለ ወይም ላቀርብ አልችልም ካለ መልሱን ያዙት፤ ወደኋላ ያለው እሱ ነው ብላችሁ ለመከራከር የምትይዙት ማስረጃ ያ ነው። «ቀብድ አይመለስም» የሚለው መስመርም እናንተ ስትተዉት ለሚሆነው ነው፤ እሱ ራሱ ሲያፈርስ ነፃ የሚያወጣው ተደርጎ ሊነበብ አይገባም። ክርክሩን የሚቆርጠው ፍርድ ቤት ቢሆንም ብዙ ነጋዴ እጥፍ የሚለውን ቃል ሲሰማ ዋናውን ለመመለስ ይስማማል። የከፈለው ልጅ ዕድሜው ከ18 በታች ከሆነ ደግሞ ወላጅ ይሂድ፤ የወላጅ አቋም ከልጁ ይልቅ የጠነከረ ነው።

በተጨማሪ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፣ ሸማቹን የሚያሳስት መረጃ መስጠትንም ይከለክላል። ሕጋዊ ደረሰኝ ሳይቆርጥ የደብተር ቅዳጅ የሚሰጥ ሰው አቤቱታው ንግድና ገበያ ልማት መምሪያ ሲደርስ የሚያስጨንቀው ብዙ ነገር አለ። በቴሌብር ወይም በባንክ የከፈላችሁ የዝውውሩን ማስረጃ አታጥፉ፤ ቀን የሌለውን ወረቀት ቀን የሚሰጠው እሱ ነው።

አሁን ወደ መራዘሙ ልመለስ፤ «ኩባንያው ቀን ከቆረጠ በኋላማ ቀብድ ብንሰጥ ምን አለበት?» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። ሳይበርፐንክ 2077 የተባለውን ጌም አስታውሱ። ሚያዝያ 8 ቀን 2012 ተባለ። ወደ መስከረም 7 ቀን 2013 ሄደ። ወደ ኅዳር 10 ተገፋ። በመጨረሻ ታህሳስ 1 ቀን 2013 ወጣ። በፕሌይስቴሽን 4 ላይ ግን ብልሽቱ ስለበዛ የፕሌይስቴሽን ባለቤት ሶኒ በሳምንቱ ከስቶሩ አውጥቶት ለገዙት ብር መመለስ ጀመረ፤ ተመልሶ የገባው ሰኔ 14 ቀን 2013 ነው። ሮክስታር ላይ የማልፈርደው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሳይበስል የወጣ ጌም ከዘገየ ጌም ይብሳል። ነገር ግን ልብ በሉ፦ ሶኒ ብራቸውን የመለሰላቸው በቀጥታ ከስቶሩ የገዙት ናቸው። ለሰፈር ሱቅ በእጁ የከፈለን ሰው ሶኒ አያውቀውም።

ዘ ዴይ ቢፎር የተባለው ጌም ከዚያም የባሰ ነው። የኮምፒውተር ጌም በኢንተርኔት በሚሸጥበት በስቲም ላይ በጉጉት ከሚጠበቁት ግንባር ቀደም ነበር፤ እየተራዘመ ቆይቶ ኅዳር 27 ቀን 2016 ወጣ፣ በአራተኛው ቀን ሠሪው ኩባንያ መዘጋቱን አሳወቀ። እዚያም ገዢዎች ብራቸውን ያገኙት በስቲም በኩል ስለገዙ ነው። ስቲም ጌሙ ሳይወጣ አስቀድሞ የተገዛን ጌም እስኪወጣ ድረስ ገዢው በጠየቀ ሰዓት ሰርዞ ብሩን ይመልሳል፤ ከወጣም በኋላ በ14 ቀን ውስጥ ከሁለት ሰዓት በታች ለተጫወተ ሰው ይመልሳል። የእኛ ቀብድ ከዚህ አንዱም የለውም።

በደንብ የያዙትም አሉ። ሲልክሶንግ የተባለው ጌም እ.ኤ.አ. በ2019 ተነግሮ እስከ ነሐሴ 29 ቀን 2017 አስጠበቀ፤ ሠሪዎቹ ግን ቅድመ ሽያጭ አልከፈቱም። የጠበቀው ሰው ጊዜውን እንጂ ገንዘቡን አላጣም። በ20 ዶላር ሲወጣ ስቶሮቹ በገዢ ብዛት ተጨናነቁ። ሳይከፍሉ መጠበቅ ማንንም ጌም አያሳጣም፤ ዲጂታል ጌም አያልቅም፣ ዲስኩም የሚፈለግ ከሆነ ይታተማል።

ከቀብዱ ጋር ተያይዘው የሚዞሩ ሌሎች ነገሮችም አሉ። ፕሌይስቴሽን 4ን «ጂቲኤ 6 ይጫወታል» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው አይመኑት፤ ጌሙ የተነገረው ለፕሌይስቴሽን 5 እና ለኤክስቦክስ ሲሪስ ብቻ ነው፣ ለኮምፒውተርም እስካሁን አልተነገረም። የዲስክ ማስገቢያ የሌለው ዲጂታል ፕሌይስቴሽን 5 ገዝቶ ለዲስክ ቀብድ ያስያዘ ልጅ አግኝቻለሁ፤ ሁለቱንም የሸጠለት አንድ ሰው ነው። ይህ በጣም አሳዝኖኛል። በቴሌግራም «ጂቲኤ 6 ለስልክ» ተብሎ የሚላከውን ፋይል ደግሞ ጨርሶ አትጫኑ፤ ለስልክ የተሠራ ጂቲኤ 6 የለም፣ በስልካችሁ ላይ ያለው የቴሌብርና የባንክ መተግበሪያ ነው የሚፈለገው። አንድ አካውንት ለብዙ ሰው የሚሸጡም አሉ፤ የይለፍ ቃሉ ሲቀየር የመጨረሻው ገዢ ውጭ ይቀራል።

የግድ ቀብድ አስይዛለሁ የሚል ካለ፣ ጌሙ ከወጣና ዋጋው ከታወቀ በኋላ ይሁን፤ በወረቀቱ ላይም ጠቅላላ ዋጋው፣ ዲስክ ወይም ዲጂታል መሆኑ፣ የርክክቡ ቀን፣ በዚያ ቀን ካልቀረበ ብሩ እንደሚመለስ ይጻፍ። ዓመተ ምሕረቱ የእኛ ይሁን የፈረንጅ በግልጽ ይቀመጥ። ይህን ለመጻፍ እምቢ የሚል ሱቅ ብር እንዲይዝላችሁ አትፍቀዱ።

ቀብድ ያስያዛችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች ወረቀታችሁን ከፊትና ከጀርባ ፎቶ አንሱት፤ ማኅተሙ ሳይጠፋ። ከአንድ ሱቅ ጋር የተዋዋላችሁ ተሰባስባችሁ አንድ አቤቱታ ጻፉና ለመምሪያው አብራችሁ አስገቡ፤ ግልባጩ ላይ የገቢ ማኅተም አስመቱ። አጻጻፉ ላይ እርዳታ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ የወንድሜን አዘጋጅቼ ጨርሻለሁ፣ ሽማግሌዎቹ ካልቋጩት ሰኞ እናስገባለን።