የሲጂ መለኪያ ስታንድ፣ ሁለት ወር ከተጠቀምኩበት በኋላ

ሪሞት አውሮፕላን የምታበሩ ልጆች ይሄን ስታንድ ልግዛ አልግዛ እያላችሁ ከሆነ እኔ በ25 ዶላር ኦንላይን አዝዤ ሁለት ወር ሰርቼበታለሁ። በፊት ሲጂ (አውሮፕላኗ ሚዛኗን ጠብቃ የምትቆምበትን የክብደት መሀል) የምፈትሸው እንደ ሁላችንም ክንፉ ስር ሁለት ጣቴን አስገብቼ ነበር፣ ጣት ደግሞ ወፍራም ነው፣ 1 ሴንቲሜትር ወዲህ ወዲያ ብትል አይታወቅህም። እንደዛ ለክቼ ያስነሳኋት የፎም ትሬነሬ (የመለማመጃ አውሮፕላኔ) ገና ከመሬት ስትለቅ አፍንጫዋን ሽቅብ ሰቅላ ፍጥነቷ አልቆ በአንድ ክንፏ መጣች፣ ጭራዋ ከብዶ ነበር። አፍንጫ ሲከብድ እኮ መሪው ይደነዝዛል እንጂ ይዘሃት ታወርዳታለህ፣ ጭራ ሲከብድ ግን አትያዝም።

ጠግኛት ስታንዱ ላይ አስቀመጥኳት። ማኑዋሏ ከክንፉ የፊት ጠርዝ 70 ሚሊሜትር ይላል፣ እሷ ቀጥ ብላ የቆመችው 80 ላይ ነው። 10 ሚሊ ማለት ነው! ሙሉ ክብደቷ 1200 ግራም፣ ባትሪው 200፣ ስለዚህ 1200 በ10 አባዝቶ ለ200 ማካፈል፣ ባትሪውን 60 ሚሊ ወደፊት። ቬልክሮውን ነቅዬ ገፋሁት፣ እንደገና 70 ላይ ሳስቀምጣት አፍንጫዋ ቀስ እያለ ወርዶ ቀጥ አለች፣ ለማመዛዘን የእርሳስ ብረት መለጠፍ ሳያስፈልገኝ። በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ስትለኩ ባትሪው ገብቶ ነው፣ የነዳጅ ከሆነች ግን ታንኩ ባዶ ይሁን፣ ምክንያቱም ታንኩ ፊት ስለሆነ ነዳጁ ሲያልቅ ጭራዋ ይከብዳል። ክንፏ ከታች የሆነች ደግሞ ገልብጣችሁ ካልሆነ አትቆምም። ማኑዋል ከሌላችሁ፣ ክንፉ ቀጥ ያለ ከሆነ ከፊት ወደ ኋላ ያለውን ስፋት 25 እስከ 30 ፐርሰንት ላይ ጀምሩ፣ ወደ ኋላ ለተጣጠፈ ክንፍ ግን ይሄ አይሰራም።

አሁን ችግሩ። ስታንዱ ላይ ርቀት የሚነበብበት ሩለር 3 ሚሊ ተዛንፎ ነው የተለጠፈው፣ በተማሪ ማስመሪያ አመሳክሬ ነው ያገኘሁት፣ ለሚዛን መለኪያ ይሄ ትልቅ ስህተት ነው፣ ለሻጩ ጽፌ መልስ የለም። ክንፉ የሚያርፍበት ጫፍ ላይ ያለው ጎማም ደረቅ ስለሆነ ፎሙን ሰርጎድ ያደርገዋል፣ እኔ ቁራጭ ስፖንጅ ለጥፌበታለሁ። የጓደኛዬን 3 ኪሎ አውሮፕላን ስናስቀምጥበት ደግሞ እግሮቹ ተንጋደዱ፣ ወዲያው አነሳናት።

እስከ 2 ኪሎ ለሚሆን ፎም ግዙት፣ ሩለሩን ግን መጀመሪያ አመሳክሩ። ከ5 ኮከብ 4።