ኮምቦልቻ ያለው የፍሬን ጋራዥ፦ ሐረጎን ለሚወርድ ሚኒባስ ምን ያህል ይታመናል?

ከደሴ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል፤ በመሐሉ ባለው የሐረጎ ተራራ ላይ ጠመዝማዛው ፋታ አይሰጥም። በዚህ መስመር ለሚመላለስ ሚኒባስ ከሞተሩ ፍሬኑ ይቀድማል። ኮምቦልቻ ውስጥ ፍሬን ብቻ የሚሠራው ጋራዥ ሊታወቅ የሚገባውም ለዚህ ነው።

በመጀመሪያ፣ ከደሴ በቀጥታ ወርዶ የገባ መኪና ታምቡሩ (ከኋላ ጎማው ጋር የሚዞረው የፍሬን ከበሮ) ሳይቀዘቅዝ አይፈታም። ከዚያ አራቱም ጎማ ይወልቃል። የፊት ዲስክ ውፍረት ይለካል፤ የኋላ ታምቡር ቶርኖ (የብረት መላጊያ ማሽን) የሚገባው ራሱ ላይ የተቀረጸውን የመጨረሻ ልክ ካላለፈ ብቻ ነው። ልኩን ያለፈ ታምቡር ሲሞቅ ይበልጥ ይሰፋል፣ ከውስጥ ተጭኖ የሚያቆመው ሸራ አይደርስበትም፣ ፔዳሉም ወለል ድረስ ይገባል።

ዋናው ብልጫቸው ዘይቱ ላይ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 3 (ዶት የፍሬን ዘይት ደረጃ መጠሪያ ነው) የሚፈላው ከ205 ዲግሪ ጀምሮ ሲሆን፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል፤ ዶት 4 በተመሳሳይ ከ230 ወደ 155። ቁልቁለት ላይ ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጥራል፣ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል፣ ፔዳሉ ቢረገጥም ግፊቱ ጎማው ጋ አይደርስም፤ ብዙ ጊዜ «ፍሬን በጠሰ» የሚባለው ምንም ሳይበጠስ እንዲህ ሆኖ ነው። ጋራዡ ያልተከፈተ ዶት 4 ብቻ ይጠቀማል፤ በሃይላንድ ተቀድቶ የመጣ ዘይት አይቀበልም። አየር ሲያስወጡ ከማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ከሚገፋው ክፍል) ከሚርቀው ከቀኝ ኋላ ጎማ ይጀምራሉ፣ ቀጥሎ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ በመጨረሻ በሹፌሩ በኩል ያለው። አንዱ ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል፤ ሌላው ጫፉ ዘይት ውስጥ የተነከረ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ በፍሬኑ አየር ማስወጫ ብሎን ላይ ገጥሞ ብሎኑን ይከፍታል፣ እግር ሳይነሳ መልሶ ይዘጋል። አረፋ እስኪጠፋ ይደጋገማል።

ይህ ዘይት ከእሽቅድምድም ታሪክ ጋር የጠበቀ ዝምድና አለው። ጀርመን ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ፣ አይዋ የገባው ፍሬድ ዱዘንበርግ መጀመሪያ የብስክሌት ተወዳዳሪ ነበር፤ ኋላ ከወንድሙ ከኦገስት ጋር የውድድር መኪና ሠሪ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1921 ለ ማን (Le Mans) በተባለው ከተማ በተካሄደው የፈረንሳይ ግራንድ ፕሪ ጂሚ መርፊ የነዳው የዱዘንበርግ መኪና አራቱንም ጎማ በፈሳሽ ግፊት የሚይዝ ፍሬን ነበረው። መርፊ በልምምድ ተጎድቶ፣ አካሉ በፋሻ ታስሮ፣ ድንጋይ በሚፈናጠርበት መንገድ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቶ አሸነፈ። በዘንግና በገመድ የሚሠራ ፍሬን ማስተካከያው ትንሽ ከተዛባ አንዱ ጎማ ቀድሞ ይይዛል፤ ፈሳሽ ግን ግፊቱን ለሁሉም ያደርሳል። የወንድማማቾቹ መኪኖች በ1924፣ በ1925 እና በ1927 ኢንዲያናፖሊስ ላይም አሸንፈዋል።

የመጀመሪያዎቹ የፈሳሽ ፍሬኖች ማሸጊያ ቆዳ ስለነበር ያፈስ ነበር፤ በ1924 የአሜሪካው መኪና ሠሪ ክራይስለር በላስቲክ የተካው ለዚህ ነው። የዛሬው ጎሚኒም (የላስቲክ ማሸጊያው) ጠላት አለው፦ ቤንዚንና የሞተር ዘይት። ያብጣል፣ ከዚያ ሸራው ታምቡሩን ይዞ አይለቅም። እዚህ ጎሚኒ የሚታጠበው በራሱ በፍሬን ዘይት ነው፤ በዚህ ብቻ እንኳ ሊመሰገኑ ይገባል።

ጉድለት አለ። የሸራ ብናኝ በኮምፕሬሰር ይነፋል፤ አስቤስቶስ ያለበት አሮጌ ሸራ ከሆነ ለሠራተኛውም አጠገቡ ለቆመውም ሳንባ አደጋ ነው፣ በእርጥብ ጨርቅ መጠረግ ነበረበት። ሌላው፣ እንደ ጭነቱ የኋላውን ግፊት የሚያስተካክለውን ቫልቭ ካልተጠየቁ አያዩትም። እሱ ዝጎ ከተጣበቀ ሙሉ ተሳፋሪ የያዘ ሚኒባስ አብዛኛውን ሥራ በፊት ፍሬን ላይ ሊጥል ይችላል። የጎማ ጥርስም አያዩም። ዱዘንበርግ ራሱ በ1932 ፔንሲልቫኒያ ውስጥ በእርጥብ የተራራ መንገድ መኪናው ተንሸራቶ ተገለበጠበት፤ ከጉዳቱ በኋላ ሳንባ ምች ይዞት በሐምሌ አረፈ። መሬት ያልጨበጠ ጎማን የቱም ፍሬን አያቆመውም፤ ክረምት ላይ ሐረጎ ጉም ሲለብስ ይህ ይበልጥ ይሠራል።

ዋጋቸው ከተራ ጋራዥ ከፍ ይላል፣ ሥራው ግማሽ ቀን ይፈጃል። ጠዋት መግባት ይሻላል፤ ቫልቩን እንዲያዩ ሥራው ሳይጀመር መናገር፣ አሮጌውን ሸራና ጎሚኒ መረከብ፣ ከወጡ በኋላም ገና ሜዳው ላይ ፔዳሉን ደጋግሞ መሞከር። ሲወርዱ ሁለተኛ ማርሽ እንጂ ዜሮ ማርሽ አይታሰብም።