የእሳት በትር፣ ቀንደ መለከትና የኪስ ግንብ፦ ከ11 ወር ጨዋታ በኋላ

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ዓመት ከሜሪላንድ ሲመጣ ይዞልኝ የመጣው መጽሐፍ ከእጄ ሳይወጣ 11 ወር ሞላው። የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የጨዋታ መሪ መመሪያ ነው፤ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ የአምስተኛው እትም፣ ባለ 320 ገጹ። ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው፦ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፣ አንድ መሪ ታሪኩን ይመራል፣ የሚያጠራጥረውን ሁሉ ዳይስ ይወስናል። ስለ መጽሐፉ ጠቅላላ ይዘት ሌሎች ብዙ ጽፈዋል። እኔ የምጽፈው በምዕራፍ 7 የተዘረዘሩት ኃይለኛ አስማታዊ ዕቃዎች በመቶ የሚቆጠር ሠራዊት በሚጋጠምበት ጦርነት ላይ ሲወጡ ስላየሁት ነው።

አምስት ነን፤ መሪው እኔ ነኝ። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ማታ ተሰብስበን በአማርኛ እንጫወታለን፤ እስካሁን አራት ትልልቅ ጦርነቶችን አካሂደናል። ለወታደር የሚሆን ትንንሽ የቅርጽ ምስል ስለሌለን የእኛን ሠራዊት በሽምብራ፣ የጠላትን በባቄላ አሰለፍን። አንዷ ፍሬ 10 ወታደር ናት።

በመጀመሪያው ጦርነት ለአስማተኛው የእሳት አሎሎ የምትተፋውን በትር ሰጠሁት። በጣም ተሳስቻለሁ። በትሯ ስትሞላ 7 ጊዜ ትተኩሳለች። አንዱ አሎሎ ከመሃሉ በየአቅጣጫው 20 ጫማ ድረስ ያቃጥላል፤ ጉዳቱ የ8 ባለ ስድስት ገጽ ዳይሶች ድምር፣ በአማካይ 28 ነጥብ ነው። የማምለጫ ዕጣው የቀናው እንኳ ግማሹን፣ 14ቱን ይቀበላል። ያሰለፍኳቸው አጽሞች ያላቸው የሕይወት ነጥብ ግን 13 ነው፤ አመለጡም አላመለጡም ያው ነው። ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ሲቆሙ በዚያ ክብ ውስጥ ከ40 በላይ ይገባሉ። አራት ባቄላ አነሳሁ። በሚቀጥለው ዙር እንደገና አራት። አንድ ዙር 6 ሴኮንድ ስለሆነ 300 አጽም ያለው ሠራዊት በ42 ሴኮንድ ውስጥ ሁለት ባቄላ ቀረው። ፈረሰኛዋን የምትጫወተው እህቴ ጎራዴዋን ሳትመዝዝ ጦርነቱ አለቀ፤ ፊቷ ላይ ያየሁት ቅሬታ እስከ ዛሬ አይረሳኝም።

ጨዋታው ራሱ የተወለደው ከጦር ሜዳ መሆኑን ሳስብ ይህ ይበልጥ ቆጨኝ። በ1971 እ.ኤ.አ. የታተመው ቼይንሜይል አንዱን ምስል እንደ 20 ሰው የሚቆጥር የጦርነት ጨዋታ ነበር፤ አስማተኛውም ከሠራዊቱ ጋር እንዲመጣጠን እሳቱ እንደ ድንጋይ ወርዋሪ መሣሪያ ይለካ ነበር። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጨዋታ ግን ዓይኑን ወደ ጥቂት ጀግኖች አዞረ። ዛሬ በእጃችን ያሉት ዕቃዎችም የተመዘኑት ለጥቂቶች ፍልሚያ ነው።

መፍትሔውን ያገኘሁት እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ነው፤ ችግሩ የተበታተነ መሆኑ ነው። ምዕራፍ 8 ላይ ያለ ምስል ለሚጫወቱ የተዘጋጀ ሠንጠረዥ አለ፤ በእሱ ስሌት ያው አሎሎ የሚመታው 4 ሰው ብቻ ነው። በ4 እና በ40 መካከል ያለውን ልዩነት የሠራዊቱ አቋም እንዲወስነው አደረግሁ። ተበትኖ የቆመ ጭፍራ 4 ሰው ያጣል፣ ግን ፈረሰኛ ሲመጣበት ይጣሳል፤ ገጥሞ የቆመ ፈረሰኛን ይመልሳል፣ ግን 40 ያጣል። አዛዡ ይምረጥ። ደግሞም አሎሎው የሚደርሰው 150 ጫማ ሲሆን ረጅሙ ቀስት፣ ኢላማው ቢከብድም፣ እስከ 600 ጫማ ይወረውራል። ይህን ካወቁ በኋላ አስማተኛውን በጋሻ ከልሎ የሚያደርሰው ጓድ የጦርነቱ ዋና ሰው ሆነ።

ከሁሉ የበለጠ የረዳኝ ግን ምዕራፍ 9 ላይ በአማራጭነት የተቀመጠችው አጭር የወኔ ሕግ ናት። አንድ ቡድን ተቃራኒው ወገን አንድም ሰው ሳያጣ ግማሹ ከወደቀበት የቡድኑ አለቃ ዕጣ ይጥላል፤ 10 ካልሞላ ቡድኑ ይሸሻል። ጦር ከፈታው ወሬ የፈታው እንዲሉ፣ በሦስተኛው ጦርነት ቅጥረኞቹን የበተናቸው ሁለተኛውን አሎሎ መፍራታቸው ነበር። በትሯ አንድ ጊዜ ብቻ ተኮሰች።

ጋሻ ማንም አያደንቅም፤ ግን ቁጥሩን ተመልከቱ። ለብዙ አጥቂዎች በተሰጠው ሕግ 30 ቀስተኛ አጽሞች የመከላከያ ቁጥሩ 18 የሆነን ሰው 10 ጊዜ ይመቱታል። ተራውን ጋሻ ጥሎ ከተራው በላይ ሦስት የሚጨምረውን አስማታዊ ጋሻ ሲይዝ፣ ቁጥሩ 21 ስለሚሆን፣ 6 ጊዜ ብቻ። በአማካይ 50 የነበረው ጉዳት 30 ይሆናል። እህቴ የነበራት የሕይወት ነጥብ 44 ነበር።

የቫልሃላ ቀንደ መለከት ለጦርነት የተፈጠረ ዕቃ ነው። ሲነፋ ቁጡ ጦረኞችን ለአንድ ሰዓት ይጠራል፤ ከዚያ 7 ቀን ይተኛል። ከብር፣ ከናስ፣ ከነሐስ ወይም ከብረት ይሠራል፤ የብረቱን ለመንፋት በጦር መሣሪያ ሁሉ የሠለጠነ መሆን ያስፈልጋል፤ ያለበለዚያ የተጠሩት በነፊው ላይ ይነሣሉ። ሰላዩን የሚጫወተው ታናሽ ወንድሜ ሥልጠናው የለውም። የግራ ክንፋችን ሲሰበር ግን መለከቱን አነሣ። «ወንድሜ፣ እርግጠኛ ነህ?» አልኩት። «ነፋሁት» አለ። አምስቱ ዳይሶች 12 አመጡ፣ 5 ሲጨመር 17 ጦረኞች፣ እያንዳንዳቸው 67 የሕይወት ነጥብ ያላቸው፣ ሁሉም ፊታቸውን ወደ እሱ አዞሩ። እሱም ቀጥ ብሎ ወደ ጠላት መሃል ግንባር ሮጠ። በመንገዳቸው የቆመውን ሁሉ እየጣሱ እንደሚከተሉት ፈረድኩ። ሰላዩ ሞተ፤ ግንባሩም ተከፈተ። ከ11ዱ ወር ውስጥ ያን ምሽት የሚያህል የለኝም።

ለትልቅ ጦርነት አንድ ዕቃ ብቻ ምረጥ ብባል ግን የምመርጠው የዴርንን ፈጣን ምሽግ ነው። አንድ ኢንች የምትሆን የብረት ኩብ ናት፤ መሬት ላይ አስቀምጠው ቃሏን ሲናገሩ 20 ጫማ በ20 ጫማ፣ ቁመቱ 30 ጫማ የሆነ ግንብ ትሆናለች። ሰው አትፈጅም ማለቴ አይደለም፣ ስትነሣ ከበላይዋ የነበረውን ታደቃለች፤ ዋናው ጥቅሟ ግን የጦር ሜዳውን ቅርጽ መለወጧ ነው። በአራተኛው ጦርነት ተጫዋቾቹ ስፋቱ 20 ጫማ በሆነ ድልድይ ላይ ተከሏት፤ 400 ሰው የያዘው የጠላት ጦር ወንዙ ማዶ ቆመ። ማታ ላይ ማፈግፈግ ግድ ሆነ። ግንቡ የሚታጠፈው ባዶ ሲሆን ብቻ ነው፤ ውስጡ ደግሞ የማይንቀሳቀሱ ሦስት ቁስለኞች አሉ። አርባ ደቂቃ ተከራከሩ። በመጨረሻ እህቴ ፈረሱን ለወንድሜ አዲስ ገጸ ባሕርይ ሰጥታ በሩን ከውስጥ ዘጋች። ሽምብራዎቹን ወደ ጣሳው ስመልስ አራቱን ድልድዩ ላይ ተውኳቸው፤ እስከ ቅዳሜ ማንም እንዳይነካቸው ብያለሁ።