ለቃሊቲው የኖዝል ባለሙያ ምስጋናዬ ይድረስ

የአባቴ ሂሉክስ ባለ 2ኤል ሞተር ናት፤ 2,446 ሲሲ። ከመቂ ቲማቲምና ሽንኩርት ጭኜ ላፍቶ ገበያ የምገባው በእርሷ ነው፤ የቤታችን እንጀራ ናት። ላለፉት ሁለት ወራት ግን ሞተሯ ሲያንኳኳ፣ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ሲተፋ፣ ናፍጣ ያለ ልክ ሲጠጣ ከረመ። ያዳኑልኝ ቃሊቲ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል የሚሠሩ አንድ የፖምፓና የኖዝል ባለሙያ ናቸው፤ ፖምፓ ናፍጣውን ገፍቶ የሚልከው፣ ኖዝል ደግሞ ሞተሩ ውስጥ የሚረጨው ጫፍ ነው። ይህን የምጽፈው እርሳቸውን በአደባባይ ለማመስገን ነው።

ነገሩ የተበላሸው ሌላ ጋራዥ ውስጥ ነበር። ሁለት ኢንጀክተሮች (ኖዝሉን የያዙት የናፍጣ መርጫዎች) ያንጠባጥባሉ ተባለና ከሶማሌ ተራ ያገለገሉ ተገዝተው ተገጠሙ። ከየትኛው ሞተር እንደ ወጡ የጠየቀ አልነበረም። የብሎን ጥርሳቸው ቀዳዳውን ያዘ፤ «ያው ቶዮታ ነው» ተባለና አለቀ።

ጋሼ የምላቸው የቃሊቲው ባለሙያ ገና አንድ ነገር ሳያወጡ ሞተሩን አስነሥተው፣ ወደ እያንዳንዱ ኢንጀክተር የሚገባውን የናፍጣ ቱቦ ማሰሪያ በየተራ ፈታ አደረጉት። ሦስተኛው ሲላላ ማንኳኳቱ ቆመ። «ልጄ፣ ሕመሟ እዚህ ነው፤ ቀረብ ብለሽ ስሚ» አሉኝ። ከዚያ አራቱንም አውጥተው በእጅ በሚገፋው የግፊት መሞከሪያ ላይ አንድ በአንድ አሰሯቸው። ለማየት ስጠጋ እጄን በቁጣ መለሱት፤ ለካ ያ ርጭት ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። የራሷ የነበሩት ሁለቱ ናፍጣውን እንደ ጉም በተኑት። ከተገዙት አንዱ ግን እንደ ቀጭን ክር አወረደው፤ ሌላው ገና ሳይከፈት ጫፉ ላይ ጠብታ ቋጠረ። ጤነኛ ኖዝል ተከፍቶ መርጨት ከሚጀምርበት ግፊት፣ ማለትም ከመክፈቻ ግፊቱ፣ ከ10 እስከ 20 ባር ዝቅ ብሎ ሲያዝ ለ10 ሰከንድ አንዲት ጠብታ እንኳ መጣል እንደሌለበት የተማርኩት ያን ቀን ነው።

አጉሊ መነጽር ሰጥተው ኖዝሎቹ ላይ የተጻፉትን ቁጥሮች አስነበቡኝ። የተገዙት ከራሷ ኖዝሎች ይለያሉ። አሮጌ ናፍጣ መኪና ያላችሁ ሁሉ ይህን ብትሰሙልኝ እወዳለሁ፤ የውጪው አካል መግጠሙ ምንም አያረጋግጥም። እንደ ቶዮታዎቹ 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል ያሉት፣ ናፍጣው በቅድሚያ ወደ ትንሽ ማቃጠያ ክፍል የሚረጭባቸው ሞተሮች የሚፈልጉት ባለ አንድ ቀዳዳ ኖዝል ነው፤ ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ በዲኤን (DN) ይጀምራል። በቀጥታ ፒስቶኑ ላይ የሚረጩት ባለ ብዙ ቀዳዳ፣ ዲኤልኤልኤ (DLLA) የተጻፈባቸው ናቸው። ዓይነቱ አንድ ቢሆን እንኳ የመክፈቻ ግፊቱ ሊለያይ ይችላል። ግፊቱ ዝቅ ያለበት ናፍጣውን ከጊዜው ቀድሞ ያስገባል፤ ሞተሩም ያንኳኳል። የእኔዋ ሕመም ይኸው ነበር።

እኔ ተሰላችቼ ነበርና «አራቱንም በአዲስ ይቀይሩልኝ» አልኳቸው። እንቢ አሉ! «ሁለቱ ደኅና ናቸው፤ ገንዘብሽን ለልጆችሽ» ብለው። ረዳቴ ነባሮቹን ኢንጀክተሮች ከወንበር ሥር አኑሯቸው ስለነበር፣ በእነርሱ አካል ላይ ትክክለኛ ቁጥር ያላቸው ሁለት አዲስ ኖዝሎች ገቡ። ከመግባታቸው በፊት በንጹሕ ናፍጣ አጥበው ኖዝሉ ውስጥ ያለውን መርፌ ሲሶ ያህል ሳቡና ኖዝሉን አዘንብለው ለቀቁት። በራሱ ክብደት እየተንሸራተተ ወረደ። በመርፌውና በቤቱ መካከል ያለው ክፍተት ከ0.002 እስከ 0.004 ሚሊሜትር ስለሆነ የአንዱን መርፌ ከሌላው ቤት ማዳበል ክልክል ነው። ቀጥሎ በኢንጀክተሩ ውስጥ ያለችውን ስስ የብረት ቀለበት እየቀያየሩ የአራቱንም ግፊት እኩል አደረጉ። በቀለበቷ ውፍረት የ0.05 ሚሊሜትር ልዩነት ግፊቱን እንደሚያናውጠው በዓይኔ አየሁ፤ እርሳቸው ግን ሳይቸኩሉ ደጋግመው ፈቱት፣ ደጋግመው ገጠሙት። ከሥር የሚገቡትን ማሸጊያዎች አራቱንም በአዲስ ለወጡ፤ አንዴ የተጨፈለቀ ማሸጊያ ዳግመኛ አያስተማምንም።

ስማቸውንና ስልካቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ለምነውኛል፤ ለብቻ ለሚጠይቀኝ ግን ቦታውን በደስታ አሳያለሁ። ስትሄዱ የወጡትን አሮጌ ኢንጀክተሮች ሳትጥሉ ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እነርሱን ነው።

ጋሼ፣ ዛሬ ሌሊት ዐሥር ሰዓት ላይ፣ በመቂ ብርድ፣ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሣች። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።