የዳማን ጥርስ ያከመችልኝ ክሊኒክ

አዳማ ውስጥ ጋሪ መንዳት ከጀመርኩ 11 ዓመቴ ነው። በቅርቡ ፈረሴ ዳማ ወደ ግራ ስስበው ራሱን እየወረወረ አልዞርም ማለት ጀመረ። አመል አወጣ ብዬ ገረፍኩት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ቀስ በቀስ ከሳ። ፉርሽካውን ያንጠባጥባል። የሸንኮራ ጫፍ ስሰጠው አኝኮ አኝኮ እንደ ልቃቂት አድቦልቡሎ ይጥለዋል። አንድ የሰፈራችን ሰው «ላንቃው አብጦ ነው» ብሎ በምላጭ በጣው። ደም ፈሰሰ እንጂ ምንም አልተሻለውም።

በመጨረሻ ወደ ወንጂ መውጫ ካለችው ትንሽ የእንስሳት ክሊኒክ ወሰድኩት። ዶክተሩ ወጣት ነው። አፉን ከመንካቱ በፊት ፋንድያውን በእንጨት በተን አድርጎ ረጃጅም የሳር ክርና እንዳለ የወጣ ገብስ አሳየኝ። «አያኝክም ማለት ነው» አለኝ። ከዚያ ማደንዘዣ ወግቶት የአፍ መክፈቻውን ብረት አስገባና ውስጡን በባትሪ አበራልኝ። ግራ ጉንጩ ውስጥ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያክል ቁስል ነበር።

የፈረስ ጥርስ በዓመት ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር እየወጣ፣ በማኘክ እየተፋቀ ይኖራል ለካ። የላይኛው መንጋጋ ሰፋ ስለሚል ግን የላይኛው ጥርስ በጉንጭ በኩል፣ የታችኛው በምላስ በኩል ሳይፋቅ ይቀርና ይሾላል። እኔ ልጓሙን በሳብኩ ቁጥር ጉንጩን ከዚያ ሹል ጋር አጣብቀው ነበር።

እጀታው በረዘመ ሞረድ ግማሽ ሰዓት ያህል ሞረደለት። አልቸኮለም። ሲጨርስ ጣቴን ይዞ በጥርሱ ጠርዝ ላይ አስኬደው፤ ለስልሷል።

ለሁሉም 900 ብር ከፈልኩ። አይበዛም። ቅር ያለኝ ጥላ አለመኖሩ ነው። የደነዘዘ ፈረስ በአዳማ ፀሐይ ራሱን ደፍቶ ሲቆም አንጀት ይበላል። አንድ ዳስ ቢሠሩ ምን አለበት? እኔ ጃንጥላ ይዤለት ቆምኩ። ዶክተሩ በደንብ ሳይነቃ እንዳላበላው፣ ያንቀዋል ብሎ አስጠነቀቀኝ። ቁስሉ እስኪድን ደግሞ 10 ቀን ልጓም ከለከለኝ። 10 ቀን ያለ ሥራ ከባድ ነው፣ ግን ቃሉን ጠበቅሁ።

በ11ኛው ቀን ፍራንኮ ሰፈር ጋ ወደ ግራ ሳብ አደረግኩት። ሳያንገራግር ዞረ።